ለብሮማይዱ ብቻ

የግራ መንጋጋዬን ያስነቀልኩት ባለፈው በጋ፣ ማሽላው ታጭዶ ባለቀ ሰሞን ነው። መነቀሉስ ባልከፋ፤ በሦስተኛው ቀን ባዶ የቀረው ጉድጓድ ይጠዘጥዘኝ ጀመረና ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ወጣ። እህል ጠላሁ፣ ሰው ጠላሁ፣ ባለቤቴን እንኳ በምልክት ማናገር ጀመርኩ። እሷም «የነቀለችህ ትጨርሰው» ብላ ወደ ሐኪም ቤቱ እየነዳች መለሰችኝ። ጥርስ የምታክመው ልጅ ዕድሜዋ ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል። «አባቴ፣ አፍዎን በደንብ ይክፈቱልኝ» አለችና ከትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ቢጫ ዱቄት የነካው ቀጭን ፋሻ በመቆንጠጫ ስባ አውጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ሽታው ገና ከብልቃጡ ሲወጣ ያዘኝ። «ይኼ ምንድን ነው?» ለማለት ሞከርኩ፤ አፌ ብረትና ጣት ሞልቶበት ስለነበር የወጣው ድምፅ የሕፃን ልጅ ነው። እሷ ግን ገባት። «አዮዶፎርም ይባላል አባቴ። ቁስሉ እንዳይመረቅዝ ነው፤ ሽታውን ትንሽ ይቻሉት።»

አዮዶፎርምን ለእኔ! እሷ ሳትወለድ በፊት፣ እዚሁ ሰቆጣ፣ መስኮቱ መስተዋት ባልነበረው ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መለኪያ አረቄ ሠርቼዋለሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ልጅቱ ከሕመሙ መስሏት «አይዞዎት፣ አለቀ፣ አለቀ» እያለች ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። እውነትም ሕመሙ ከደቂቃዎች በኋላ ለቀቀኝ። ያልለቀቀኝ ሌላ ነገር ነበር።

ሰቆጣን መጀመሪያ ያየኋት ከኮረም በተነሣ የጭነት መኪና ላይ፣ የስኳር ጆንያ ተደግፌ ነው። ከኮሌጅ ከወጣሁ ሦስት ወር አልሞላኝም። መንግሥት የተለወጠው በዚያ ሰሞን ነበር ወይስ ቀደም ብሎ፣ አሁን ይምታታብኛል፤ ጠመኔ ግን ያኔም በኋላም አልነበረም። ቡናማ ቴትሮን ሱሪ፣ አንገትጌው የሰፋ ሸሚዝና አፍንጫው ሹል የሆነ ጫማ ነበረኝ። ጫማው የሰቆጣን ድንጋይ አንድ ክረምት እንኳ አልቻለውም፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ሁሉ ኮንጎ አደረግሁ። የቤት ኪራዬ በወር አሥራ ሁለት ብር ነበር። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ብርሌ ጠጅ በሰባ አምስት። ዛሬ ያን የወር ኪራይ ይዤ ብወጣ አንድ ሻይ ያጠጣኝ እንደሁ እጠራጠራለሁ። ከገበያው ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መታጠፊያ ላይ በረንዳው ላይ የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ራዲዮ አለው፤ ያለቁትን የባትሪ ድንጋዮች ጧት ጧት የቤቱ ቆርቆሮ ላይ ያሰጣቸዋል። ፀሐይ ሲሞቃቸው ነፍስ ይዘሩና አመሻሽ ላይ አንድ ሁለት ዘፈን ያሰማሉ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የድምፃዊው ጉሮሮ እየቀጠነ፣ እያረጀ ሄዶ ይጠፋል። የቀረውን ግጥም እኛ መንገደኞቹ ቆመን እንጨርሰዋለን። እዚያው መታጠፊያ ላይ ዛሬ የስልክ ቻርጀር የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ዘፈኑ ቀኑን ሙሉ አይቋረጥም፤ ቆሞ የሚጨርስለት ግን የለም።

የማስተምረው ኬሚስትሪ ነበር። «ላቦራቶሪ» የሚል ጽሑፍ አንድ በር ላይ አለ፤ በሩ ሲከፈት የሚገኘው እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች ክምር ነው። ስለዚህ ያለኝ አፌና ጥቁር ሰሌዳው ብቻ ነበሩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አርባ አይሞሉም። ግማሾቹ የከተማው ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹ ከዝቋላና ከአበርገሌ ቀን ሙሉ፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡ፣ ድርቆሻቸውን በስልቻ ይዘው ቤት ተከራይተው የሚማሩ። ቤታቸው ኽምጣንጋ ይናገራሉ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፣ መጽሐፉ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ጥያቄ ስጠይቃቸው ዝም ካሉ አለማወቃቸው እንዳልሆነ ለመረዳት አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ጥያቄው ሦስት ቤት ዞሮ እስኪመለስ ነው።

ከእነዚያ ሁሉ አንዷ ትርንጎ ነበረች። ከኒሯቅ ወዲያ ተከዜ ቁልቁል ካለ መንደር የመጣች የአበርገሌ ልጅ ናት። የአባቷን አረንጓዴ የሰልባጅ ኮት እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋ ትለብሳለች። የምትቀመጠው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ፊተኛው ላይ ሰሌዳው ያንጸባርቃል ትላለች። ከሌሎቹ የምትለየው ጥያቄ በማብዛቷ አይደለም። የምትጠይቀው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ ያቺ አንዷ ግን መምህር ታስፈራለች።

አልካይል ሃላይድ የሚባለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ክፍሉ ደስ አለው። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ በነበሩበት ውህድ ላይ ክሎሪን ወይም ብሮሚን ወይም አዮዲን ገብቶ ሲቀመጥ አልካይል ሃላይድ ይባላል። መሥሪያው መንገድ ብዙ ነው። ከአልኮል ሲሠራ አንዱ ወጥቶ ሌላው ይገባል። «አንዳንዱ እንግዳ ነባሩ ተከራይ ለቅቆ እስኪወጣ በር ላይ ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ግን በጓሮ ገብቶ እየገፋ ያስወጣዋል» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የሳቁት ኬሚስትሪው ስለገባቸው ብቻ አልነበረም፤ አከራዬ ልጃቸውን ሊድሩ ቤቴን መፈለጋቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ነው አንድ ነገር እንኳ በዓይናቸው ይዩ ብዬ አረቄ የገዛሁት። ከጤና ጣቢያው የቁስል አዮዲን፣ ሳሙና ከምትሠራ ሴትዮ ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ለመንኩ። በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አረቄውን ከሶዳው ጋር ቀላቅዬ፣ ሙቅ ውኃ ያለበት ድስት ውስጥ አቁሜ አዮዲኑን ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ቡናማው ቀለም እየፈዘዘ ሄዶ ጠፋ፤ ቆይቶ ከታች ቢጫ ዱቄት ዘቀጠ። ጠርሙሱን ከፊት ወደ ኋላ አዞርኩት። «ሐኪም ቤት! ሐኪም ቤት ይሸታል!» እያሉ ተንጫጩ። ትርንጎ አሽታ፣ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ፣ ቆይታ «መምህር፣ አረቄው የት ሄደ?» አለችኝ። ኬሚስትሪ ማለት እኮ ይህቺው ጥያቄ ናት። ያን ዕለት እየዘፈንኩ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

የተሳሳትኩት ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ርዕሱ ሃይድሮጅን ብሮማይድና ሃይድሮጅን ክሎራይድ በድርብ የተሳሰሩ ካርቦኖች ላይ እንዴት እንደሚገቡ ነበር። ሃይድሮጅኑ የሚሄደው ቀድሞም ብዙ ሃይድሮጅን ወዳለው ካርቦን ነው። «ላለው ይጨመርለታል» አልኩ፤ አብዛኞቹ ቤተ ክርስቲያን ያደጉ ልጆች ናቸውና ወዲያው ገባቸው። ቀጠልኩ። «ፐርኦክሳይድ ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ለሌለው ይሰጠዋል።» የትርንጎ እጅ ወጣ።

«መምህር፣ ይኼ መገልበጥ ለክሎራይዱም ይሠራል? ወይስ ለብሮማይዱ ብቻ ነው?»

በዋዜማው የባልደረባዬ ሠርግ ነበርና ሳልዘጋጅ ነው የገባሁት። «አላውቅም፣ ነገ አይቼ እነግርሻለሁ» ማለት ምን ነበረበት? ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ግን አላውቅም ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል።

«ለሁሉም ይሠራል» አልኩ።

አልተቀመጠችም። «ለክሎራይዱም?»

«ለሁሉም አልኩ እኮ! ቁጭ በይ!» ዞሬም ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩት። አርባ እስክሪብቶ ሲጽፍ ሰማሁ።

ትምህርት አልቆ፣ ማትሪክ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የኮሌጅ ደብተሮቼን ሳገላብጥ ያ ገጽ ወጣ። በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት፣ «ለብሮማይዱ ብቻ» ይላል። ደብተሩን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ጽሑፉ አልተለወጠም። ልጆቹን መጥራት እችል ነበር፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ ቤታቸውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። እኔ ግን «ከስንት ምዕራፍ መካከል ይህቺ ትመጣለች?» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የፈተናው ጧት በሩ ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው። ትርንጎ ያንን አረንጓዴ ኮት ለብሳ ከፊት ቆማለች። «እንደምን አደሩ መምህር» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ከጀርባዋ ያ ሁሉ ልጅ፣ ከጀርባዬ ደግሞ ከሌላ አገር የመጡት ፈታኞች ቆመዋል። «አይዞሽ፣ እንዳትቸኩዪ» አልኩና መንገድ ለቀቅሁላት። ከዚያ ፈታኝ ጎደለ ተብዬ ሌላ ክፍል ገባሁ። ወረቀቱ ሲታደል አንዱን ገልጬ አየሁ፤ ጥያቄዋ አለች። ሃይድሮጅን ክሎራይድ፣ ፐርኦክሳይድ፣ ውጤቱ ምንድን ነው። እኔ ያስተማርኩት ስሕተትም ከምርጫዎቹ መካከል ቁጭ ብሏል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያጎነበሱ አንገቶች እያየሁ ቆምኩ። በዚያ ዘመን አንዲት ነጥብ ሰውን ዩኒቨርሲቲ ታስገባለች፣ አንዲት ነጥብ ወደ ማሽላው ማሳ ትመልሳለች።

ውጤቱ እስኪመጣ አልጠበቅሁም። እናቴ ታመዋል ብዬ ዝውውር ጠየቅሁና ወልድያ ገባሁ፤ እናቴ ግን በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነበሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ አንድ የድሮ ባልደረባዬ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሻይ እየጠጣን፣ ምንም ሳይመስለው «ያቺ ጎበዝ የአበርገሌ ልጅ ትዝ ትልሃለች? ኒሯቅ ገበያ አየኋት፤ አቧራ ለብሳ፣ ፍየል በቀንዱ ይዛ ትታገላለች» አለኝ። ሻዩን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። ፍየል ንግድ ነውር ሆኖ አይደለም፤ አገሩ የሚኖርበት ሥራ ነው። እኔ ግን የማየው የነጠቅኋትን ነው። ከዚያ በኋላ በየደረስኩበት ትምህርት ቤት ያን ርዕስ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ «ለብሮማይዱ ብቻ» ብዬ ሦስት ጊዜ እጽፋለሁ፣ ሦስት ጊዜ አስነብባለሁ። ተማሪዎች «መምህር ብቻ» የሚል ስም አወጡልኝ። ምክንያቱን የጠየቀኝ የለም፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ባለቤቴ የሰቆጣ ልጅ ናትና በሃምሳ አምስት ዓመቴ ጡረታ ስወጣ «እንግዲህ አገሬ አግባኝ» አለች። ከተመለስን ሦስት ዓመታችን ነው። ሦስቱንም ዓመት የኒሯቅ መኪና በሚነሣበት በኩል አላለፍኩም። መንገዱ ራሱ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ ስለከረመ ሰበብ አላጣሁም ነበር። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ጉልበቴን አመመኝ አልኩ። እንግዲህ ያ ሽታ አፌ ውስጥ ሁለት ቀን ከረመ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። አዳምጣ አዳምጣ ስትጨርስ፣ «ስለዚህ ይኼን ሁሉ ዘመን በዚህ ቤት ሦስት ሆነን ነው የኖርነው በለኛ» አለችኝ። ቀጥላም «ነገ ጧት መኪና አለ። ጉልበትህም ደኅና ነው፤ አውቃለሁ።»

ወደ ኒሯቅ ስትወርድ አየሩ በየመታጠፊያው ይሞቃል። ደጋው ላይ የለበስኩትን ጋቢ መጀመሪያ ከትከሻዬ፣ ከዚያ ከጭኔ አወረድኩት። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ «ዘመድ ጥየቃ ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ፤ ውሸት መሰለኝና «ይቅርታ ልጠይቅ ነው» ብዬ አስተካከልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «መንገዱ ለዚያ ጥሩ ነው፤ ያስባል» አሉ።

ገበያ ነበር። ከመኪናው እንደወረድኩ ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ጋ ቆሜ «ትርንጎ የምትባል፣ ፍየል የምትነግድ ሴት ታውቂያለሽ?» አልኳት።

ግራ ገባት። «ዶክተር ትርንጎን ነው?»

«ዶክተር አይደለችም፤ ፍየል…»

«ፍየልስ ትርንጎ አትነግድም፤ ታክማለች እንጂ። ያቻት፣ ከጉረኖው አጠገብ።»

አየኋት። ሰማያዊ ጋዋን ለብሳ፣ አንድ ቀይ ፍየል በቀንዱ ይዛ፣ በሌላ እጇ መርፌ ትወጋለች። ባልደረባዬ ያኔ ያየው ይህንኑ ነው። ዓይኑ አልዋሸውም፤ መርፌውን ብቻ አላየም። ፍየሉን ስትለቅ ቀና አለች፣ አየችኝ፣ እንደ ድሮዋ ቆየች።

«መምህር? መምህር ነዎት?»

እጇን በጋዋኗ ጠራርጋ መጥታ ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመች። ፀጉሯ ሸብቷል። ወደ ክሊኒኳ ዳስ ወስዳ ወንበር ሰጠችኝ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አመጣችልኝ። ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፤ ሦስት ናቸው። ከማትሪክ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት የእንስሳት ሕክምና መማሯን፣ ወደ አገሯ መመለሷን፣ ባለፉት መጥፎ ዓመታት እንኳ ሰው መንደር ሲቀይር ከፍየሎቹ ጋር አብራ መቀየሯን አወጋችኝ። እኔ ግን የሰማሁት «ደርሷት» የሚለውን ቃል ነው። ደርሷታል! ውኃውን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።

«ትርንጎ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ማትሪክ ላይ አንዲት ጥያቄ ነበረች…»

አፏን በእጇ ሸፈነች። ዓይኗ ሳቀ። «የፐርኦክሳይዷ?»

«ታስታውሻታለሽ?»

«መምህር፣ ይቅር ይበሉኝና… እኔ እኮ ያን ዕለት አላመንኩዎትም ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፍ ቤቱ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። እሷ መዝገበ ቃላት ይዛ ያችን ገጽ ለሦስት ቀን ስታነብ ከርማለች። «ለብሮማይዱ ብቻ» የሚል መሰላት፤ እንግሊዝኛዋን ግን አላመነችውም። ስለዚህ ጠየቀችኝ። ስቆጣት ተመልሳ ሄዳ እንደገና አነበበችው፤ መጽሐፉ አልተቆጣትም። «በፈተናው ዋዜማ ኳስ ሜዳው ዳር ካለችው ግራር ሥር ልጆቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። "መምህር ተሳስተዋል፤ ለክሎራይዱ አይሠራም" አልኳቸው። ሁሉም ደብተራቸውን አረሙ።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

በቀስታ «በገዛ ደመወዝዎ አረቄ ገዝተው ያሳዩን መምህር ነበሩ» አለች። «እንዴት ብለን? ለማንም ላንናገር ተማማልን። በር ላይ አፍዎን ከፍተው ሲዘጉትም አይቻለሁ። "አውቀውታል ማለት ነው" አልኩ። አይጨነቁ ልልዎት ፈልጌ ነበር፤ እኔም ፈራሁ።»

ምን እንደተሰማኝ ለመጻፍ ብዙ ቀን ሞከርኩ። ከሸክም በታች ሲኖር የኖረ ሰው ሸክሙ ሲወርድ መጀመሪያ የሚሰማው ደስታ አይደለም፤ ሚዛን ያጣል። ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያ ሁሉ ዘመን እኔ ለእነሱ ሳለቅስ፣ ለካ እነሱ ገና በዚያ ዕድሜያቸው የእኔን ፊት ሸፍነው ነው የሄዱት። ሳቄ መጣ፣ ከሳቁም እንባው ቀደመ። ትርንጎ ፊቷን ወደ ፍየሎቹ አዙራ ጠበቀችኝ።

ቆይታ «ግን መምህር፣ ለብሮማይዱ ብቻ መሆኑን አውቄ ነበር እንጂ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም» አለች። «በቃሌ ይዤ ነው ያለፍኩት።»

እንጨት አነሣሁ። እዚያው ጉረኖው በር ላይ ቁጢጥ ብዬ አቧራው ላይ ሣልኩላት። ፐርኦክሳይዱ ሲሰነጠቅ ብሮሚኑን ብቻውን እንዴት እንደሚያስቀረው፣ ብቸኛው ብሮሚን ዳር ያለውን ካርቦን ቀድሞ እንደሚይዝ፣ ከዚያ የጎደለው ካርቦን ከሌላ ሃይድሮጅን ብሮማይድ ላይ ሃይድሮጅኑን ነጥቆ ሌላ ብሮሚን እንደሚፈታ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እንደ ሰንሰለት ይሄዳል። «ክሎሪን ግን ሃይድሮጅኑን አጥብቆ ነው የያዘው። ካርቦኑ ቢስብ ቢጎትት አይለቅለትም። ስለዚህ ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል፤ ነገሩ በቀድሞው ደንብ ይሄዳል።» ትርንጎም አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ታያለች። ፍየል ሊያስከትቡ የመጡ አንድ ገበሬ በኽምጣንጋ አንድ ነገር ጠየቋት፤ እሷም መለሰችላቸው።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«"ሰውየው ምን ሆኖ ነው መሬት የሚጭረው?" አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«የሠላሳ ምናምን ዓመት ጥያቄ እየመለሰልኝ ነው አልኳቸው።»

ልሄድ ስነሣ ግን የመምህር ልብ አላስቻለኝም። «ትርንጎ፣ ከግራሩ ሥር ሁሉም ነበሩ?»

በጣቷ ቆጠረች። «ከአንድ በቀር። ኑሩ አልነበረም። አባቱን ሱቅ ሲያግዝ ውሎ ሳይመጣ ቀረ። ጧትም አላገኘሁትም።»

ኑሩ! ሰቆጣ ገበያው አፍ ላይ ሱቅ ያለው ኑሩ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስኳርና ሳሙና የምገዛበት፣ ባየኝ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ የሚለው። ዩኒቨርሲቲ እንዳልገባ አውቃለሁ። አቀበቱን ስመለስ ጋቢዬን መልሼ ለበስኩ፤ የቀለለኝ ሸክም ከፊሉ ተመልሶ ትከሻዬ ላይ ወጣ።

በማግሥቱ ጧት ሱቁ ሄድኩ። ኑሩ እንደ ልማዱ ተነሥቶ «ደኅና አደሩ መምህር፤ ያው አንድ ኪሎ?» አለ።

«ስኳሩ ይቆይ። ኑሩ፣ ስለ ማትሪክ ልጠይቅህ ነው። የኬሚስትሪውን…»

ፊቱ ተለዋወጠ። ልጆቹ ከመጋዘኑ በኩል እንዳይሰሙ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን ነገረዎት?»

«ምኑን?»

«በአላህ፣ እነሱ እንዳይሰሙ። እኔ እኮ መምህር፣ ጥያቄውን አላነበብኩትም። ልቤ ንግዱ ላይ ነበር። ከአንድ ጀምሬ እስከ መጨረሻው "ቢ" ላይ አጥቁሬ ነው የወጣሁት። እርስዎ ያን ያህል ለፍተውብን! ይኸው እስከ ዛሬ ባየሁዎት ቁጥር አፍራለሁ። ስኳሩንም ስመዝንልዎ እጄ ሁልጊዜ ከኪሎው የሚያስበልጥልዎ ለዚያ ነው።»

ባንኮኒውን ተደገፍኩ። ስስቅ እሱም ግራ እየገባው ሳቀ። ከዚያ የእኔን ነገርኩት፤ ስሕተቱን፣ በሩ ላይ ዝም ማለቴን፣ ግራሩን፣ ሁሉንም። አገጩን ይዞ ሰማኝ።

«እና የዚያች ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የትኛው ነበር?» አለኝ።

ወረቀቱ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። «ቢ ነበር» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ኑሩ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ። «ለካ አንዷንስ አግኝቻለሁ!»

ያን ዕለት ስኳሩን ልክ በልኩ መዘነልኝ።